የጅማ ሚዛን፦ ክሳት ከተፈራበት ዘመን ውፍረት እስከሚታከምበት ዘመን

አጋሮ ላይ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ገና ጫማውን ሳያወልቅ የሚሰማው ቃል ስለ ሰውነቱ ነው። «ተመችቶሃል፣ ሞልተሃል» ከተባለ እሰየው። «ምነው ከሳህ? ጠቆርክብኝ» ከተባለ ግን ቡናው በረካ እስኪሆን ድረስ ጥያቄው አያባራም። ታመህ ነው? ሥራ አጥተህ ነው? ሰው ሞቶብህ ነው? ክሳትና ጥቁረት በእኛ አነጋገር አብረው የሚጠሩ የመከራ ምልክቶች ናቸው።

አንዲት የማውቃቸው እናት አሉ። ስኳር ተገኝቶባቸው ሐኪሙ «ቢያንስ አምስት ኪሎ ይቀንሱ» አላቸው። ስድስት ወር ታገሉ። ለአንድ ሲኒ ሦስት ማንኪያ ያደርጉት የነበረውን ስኳር ተዉ። ገበያ ሲሄዱ ባጃጅ መያዝ አቁመው ዳገቱን በእግራቸው ወጡ። ገንፎው መሀል የሚፈስሰውን ቅቤ ቀነሱ። አራት ኪሎ ወረደላቸው። ከዚያ ለቅሶ ሄዱ። የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ እጃቸውን ይዘው «ምን ነካሽ? ምን ደበቅሽን?» ይሏቸው ጀመር። አንዷማ ለሟቹ የጀመረችውን እንባ ለእሳቸው ጨረሰችው። እቤት እንደገቡ መጀመሪያ የሠሩት ነገር ቢኖር ቅቤ ማንጠር ነው። በሦስት ወር ውስጥ አራቱም ኪሎ ተመለሰ።

ስለ ክብደት መቀነሻ ሕክምና ባነበብኩ ቁጥር እሳቸው ይመጡብኛል። ሕክምናው በረጅም ታሪኩ ክብደትን ማውረድ አላቃተውም፤ ያቃተው የወረደውን ባለበት ማቆየት ነው። ይህን እውነት ለመረዳት ደግሞ ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ከማንም ያላነሰ ታሪክ አላቸው።

ይህ አገር ውፍረትን የተመኘው በምክንያት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን በገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ ሰውም ጭምር ይሸጥበት በነበረው የሂርማታ ገበያ ሞላ ያለ ሰውነት ያለው ሰው ጎተራው የሞላ ሰው ነበር። ቡና ራሱ መጠጥ ብቻ አልነበረም። ኦሮሞው ቡና ቀላ የሚለው የቡና ፍሬ በቅቤ ተለውሶ እየተበላ መንገደኛን ከቀን ወደ ቀን ያደርስ ነበር። አራስ አጥሚትና ቅቤ የበዛበት ገንፎ ትመገባለች፤ ከአራስ ቤት ስትወጣ ፊቷ ካልወዛ ባሏ ይታማል። ሰውነት እንዲያወጣ የሚፈለግ ሰው አብሽ እየጠጣ ይከርማል። ማወፈር ዕውቀት ነበር፤ ለማክሳት ግን ጥበብ ያስፈለገው ሰው አልነበረም።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከወሎና ከትግራይ የተነሡ ሰዎች በሰፈራ ወደ ከፋና ወደ ኢሉባቦር ሲመጡ፣ ደቡብ ምዕራቡ የረሃብን ገጽታ በገዛ ደጁ አየ። ያ ሳይረሳ ኤች.አይ.ቪ. ተከተለ። «አመንማኙ በሽታ» የሚለው ስም ራሱ ፍርድ ነበር። ጉንጩ የጎደለ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምርም መድኃኒቱ መሥራቱን ጎረቤት ያረጋገጠው በሰውየው መወፈር ነው። ለቅሶ ቤት የነበሩት ሴቶች ክፉ አልነበሩም። በዓይናቸው ያዩትን ዘመን ያስታውሱ ነበር።

ሆስፒታሉም ሚዛኑን የተከለው ለክሳት ነው። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚባለውን ተቋም ጣሊያኖች በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮቻቸው አቋቋሙት። እ.ኤ.አ. በ1983 የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኢንስቲትዩቱ ገና ከጅምሩ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ ማስተማርን መለያው አድርጎ ነበርና፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ የሕፃናትን ክንድ በሜትር መለካታቸው የከተማው የዘወትር ትዕይንት ነው። ያ ሜትር የሚፈልገው የቀጠነውን ክንድ ነው። በሕፃናት ክፍል የሚንጠለጠለው ሚዛን፣ በገመድ የታሰረው ሱሪ መሳይ ጨርቅ፣ ነርሷ ሕፃኑ እስኪረጋ ትንፋሿን ይዛ የምታየው መርፌ፣ ይህ ሁሉ የጎደለው እንዲሞላ የተዘጋጀ ነው። አሁን በዚያው ግቢ ከመጠን ያለፈ ክብደት ይዞ የሚመጣ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው።

ለውጡን ቁጥሮች ያሳያሉ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች 30 በመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ፣ 3 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ የከበዱ ነበሩ። በ2016 የቀጠኑት ወደ 22 ሲወርዱ የከበዱት ወደ 8 በመቶ ወጡ። አገሪቱ ከክሳት ሳትወጣ ወደ ውፍረት ገባች። በአንድ ቤት ውስጥ የደከመ ሕፃንና የከበደች እናት አብረው ይገኛሉ።

የጅማ ነገር ከዚህም ይጠልቃል። ስኳርን ከውፍረት ጋር ብቻ አያይዞ ያጠና ሐኪም በጅማና በጎንደር ገጠር የሚያገኛቸው ሕመምተኞች ያስደነግጡታል። ገና ወጣት የሆኑ፣ ድሆችና ቀጫጭን ገበሬዎች፣ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ያለ ኢንሱሊን የማይኖሩ። በረሃብ ያደገ ሰውነት ቆሽቱ አቅሙ ደክሞ ይቀራል የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1955 ከጃማይካ በመጣ ዘገባ ተነሣ። በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ውስጥ ገባ፣ በ1999 ደግሞ ወጣ። ይህ መዝገብ ይከፈት ብለው ከጠየቁት መካከል በጎንደር የሚሠሩ ሐኪሞች ይገኙበታል። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» የሚል ስም ሰጥቶ እውቅና ሰጠው። እንግዲህ በአንድ የቀጠሮ ቀን፣ በአንድ አግዳሚ ላይ፣ ስኳሩ ከረሃብ የመጣበት ገበሬና ስኳሩ ከውፍረት የመጣባት ነጋዴ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለአንዱ «ይብሉ»፣ ለሌላዋ «ይቀንሱ» ይባላል።

ዩኒቨርሲቲው ይህን እንቆቅልሽ ከሥሩ ለማየት ሞክሯል፤ እኔ ከጅማ ሥራዎች ሁሉ በዚህ እኮራለሁ። ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በሆስፒታሉ የተወለዱ ሕፃናትን ስብ መለካት ተጀመረ። መሣሪያው ትንሽ ክፍል የመሰለ ሣጥን ነው። ሕፃኑ ራቁቱን ይተኛበታል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል። መሣሪያው ሕፃኑ የገፋውን አየር ለክቶ ከአካሉ ምን ያህሉ ስብ፣ ምን ያህሉ ሥጋና አጥንት እንደሆነ ይናገራል። እናት በመስኮቱ እያየች ትጠብቃለች። እነዚያ ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ከዚያም አሥር ሲደፍኑ፣ ስባቸውና የደማቸው ሁኔታ እንደገና ታየ። የክብደት ታሪክ ከጓዳ ብቻ እንደማይጀምር፣ ከማኅፀንና ከመጀመሪያዎቹ ወራት እንደሚነሣ የሚያስረዳ ረጅም ሥራ ነው።

በአዋቂዎችም ላይ፣ የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች በተመሳሳይ የአየር መሣሪያ በለካ እና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ የጅማ ተመራማሪዎች ለኢትዮጵያውያን የውፍረት ወሰን ከተለመደው ዝቅ ማለት እንዳለበት አሳይተዋል። ዓለም «ከልክ ያለፈ ውፍረት» የሚለው ክብደት በቁመት ካሬ ተካፍሎ 30 ሲደርስ ነው። እነሱ ያገኙት ለወንድ 22.2፣ ለሴት 24.5 ነው። በቀላሉ ሲነገር፣ ጎረቤቱ «ኧረ ከስተሃል» የሚለው ሰው ሆዱ ውስጥ ለደም ግፊትና ለስኳር የሚበቃ ስብ ይዞ ሊሆን ይችላል። ዓይንን ማመን የማይበቃበት ቦታ ይህ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። የምግብ ፍላጎትን በቅጠል መግደል ጅማ ከጥንት የምታውቀው ነገር ነው። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ምሳውን ቢያልፍ ማንም አይደነቅም። ጫት የጨጓራን መውረድ ያዘገያል፣ ረሃብንም ያስረሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከትኩሱ ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲለይ፣ ጠባዩ የአምፌታሚን ቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። አምፌታሚን ደግሞ በምዕራቡ ዓለም ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለክብደት መቀነሻ የታዘዘ መድኃኒት ነው። የአጋሮ ወጣት ከወዳጆቹ ጋር በመቃም ያገኘውን የአሜሪካ የቤት እመቤት በክኒን ገዛችው ማለት ነው። ዋጋውም አንድ ዓይነት ሆነ፤ የሚመታ ልብ፣ የሚወጣ ግፊት፣ የማይመጣ እንቅልፍ፣ ሲያቆሙት የሚመለስ ረሃብ። «ጫት ያከሳልና ልቃም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህንኑ ታሪክ እነግረዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ክኒኖች መንገዳቸው ተመሳሳይ ነበር። ፌንፍሉራሚን የልብ በር እየጎዳ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ከገበያ ወጣ። ሪሞናባንት ሰውን ወደ ጭንቀትና ራስን ወደ ማጥፋት ሐሳብ እየገፋ በ2008 በአውሮፓ ታገደ። ሲቡትራሚን በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ ምክንያት በ2010 ተነሣ። ከመደርደሪያ ይነሣ እንጂ ከዓለም አልጠፋም። «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ ማቅጠኛ» ተብለው በየአገሩ በሚሸጡ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው አግኝተውታል። ሌላው ሻይ ሰነመኪ ነው። ሰነመኪ ያስቀምጣል፤ ሚዛን ላይ የሚወርደው ግን ውኃ ነው፣ ስቡ ካለበት አይነቃነቅም።

ቀዶ ሕክምናው ከሌላ በር ነው የገባው። የጨጓራ ቁስላቸው ከጨጓራቸው ጋር ተቆርጦ የወጣላቸው ሰዎች እየከሱ መቅረታቸውን ያስተዋለው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኝ ዘዴ ጀመረ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው የጨጓራን ትልቁን ክፍል ቆርጦ እንደ ቱቦ ማጥበብ ነው። በስዊድን ከ1987 ጀምሮ ሰዎችን የተከታተለው ትልቅ ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከ10 ዓመት በኋላም ከ15 በመቶ በላይ ቀንሰው እንደቆዩ፣ የሞት ቁጥራቸውም እንዳነሰ አሳይቷል። እስካሁን ከታወቁት መንገዶች ረጅም ጊዜ በመቆየት የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን ቢላዋው የሕክምናው መጀመሪያ ነው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ብረትና ቫይታሚን ቢ12 መውሰድ፣ ደሙን ማስመርመር አለበት። ወደ ህንድ ወይም ወደ ቱርክ በርሮ ተቀዶ የሚመለስ ሰው አገሩ ሲገባ ክትትሉን ማን ይይዝለታል? ደም ማነስ በበዛበት አገር ይህ ጥያቄ ከቲኬቱ ዋጋ በፊት መምጣት ያለበት ይመስለኛል።

አሁን ስሙ የገነነው መርፌ ነው። መነሻው በአሜሪካ በረሃ የሚኖር፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚበላ መርዘኛ እንሽላሊት ነው። ተመራማሪው ጆን ኢንግ እ.ኤ.አ. በ1992 ከመርዙ ያገኘው ንጥረ ነገር፣ አንጀታችን ከበላን በኋላ ከሚልከው ጂ.ኤል.ፒ.-1 ከሚባል መልእክተኛ ጋር ይመሳሰል ነበር። መልእክተኛው ቆሽትን ኢንሱሊን አምጪ ይለዋል፣ ጨጓራን ቀስ በይ ይላታል፣ አንጎልን ጠግበናል ይለዋል። ከዚያ መርዝ የተወለደው የስኳር መድኃኒት በ2005 ተፈቀደ። ተከታዮቹ እየረዘሙ መጡ፤ ሴማግሉታይድ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ ሆነ፣ ዌጎቪ በሚል ስም በ2021 ለክብደት ተፈቀደ። በትልቁ ጥናት ሰዎች በ68 ሳምንት ውስጥ ከክብደታቸው በአማካይ 14.9 በመቶ ቀነሱ። መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተሰጣቸው የቀነሱት 2.4 ብቻ ነው። ቲርዜፓታይድ ከዚያም አልፎ ወደ 20 በመቶ ደረሰ።

በጋዜጣ የሚነበበው እስከዚህ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የተደረገው ነው። መርፌው ከተቋረጠባቸው ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰባቸው። የጅማ ዞን ልጆች በብዛት ወደ ሳዑዲና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ይሄዳሉ። እናቷን የምትወድ ልጅ ሁለት ወር የሚበቃ መርፌ በሻንጣ ብትልክ፣ መርፌው ፍሪጅ ካልጠበቀው ይበላሻል፤ ቢተርፍም ሁለት ወሩ ያልቃል፤ ሲያልቅ ረሃቡ ይመለሳል። ማቅለሽለሹንና ማስታወኩን የሚከታተል፣ የምትወስደውን የስኳር መድኃኒት መጠን የሚያስተካክል ሐኪም ከሌለ ደግሞ ፍቅሩ ጉዳት ይሆናል።

ለምን ይመለሳል? ስንፍና ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንሰል ኪስ 36 ጤነኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት በከፊል ረሃብ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ከጠገቡም በኋላ መብላት ማቆም አቃታቸው፣ ስባቸውም ከመጀመሪያው በላይ ሆነ። የወፈረ ሰው ሲከሳም ሰውነቱ ይህንኑ ያደርጋል። ለአንጀትና ለአንጎል ድርቅ መጥቷል ብሎ ያውጃል፤ የሚያቃጥለውን ይቀንሳል፣ ረሃቡን ያጎላል። ሰባ ሰባትን ያየ ሕዝብ ይህን ጠባይ ሊገርመው አይገባም፤ ያተረፈን እሱ ነው። ጾማችንም ይህንኑ ይመሰክራል። በረመዳን ስለሚጾሙ ሰዎች የተደረጉ ጥናቶች ሲሰበሰቡ፣ በወሩ የሚወርደው አንድ ኪሎ ገደማ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ጾም ለፈጣሪ የሚደረግ ነውና የሚዛን ሥራ አንጭንበት።

እንግዲህ ውፍረት እንደ ደም ግፊትና እንደ ስኳር የዕድሜ ልክ ነገር ከሆነ፣ ሕክምናውም የዕድሜ ልክ መሆን አለበት። ጅማ ይህን ቀደም ብላ ተምራለች። በአንድ ወቅት የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ገበሬ መድኃኒቱን ለማግኘት ከጌራ ወይም ከሊሙ ተነሥቶ ጅማ ድረስ ይመጣ ነበር። የመንገዱ ድካምና ወጪ መድኃኒቱን አስተወው። በኢትዮጵያ ያስተማሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የሐሩር አካባቢ ጤናና ትምህርት ትረስትን ያቋቋሙት ብሪታኒያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በጎንደርና በጅማ የሠሩት ሥራ ቀላል ነበር፤ ነርሶችን አሠልጥኖ ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ማውረድ። ሕመምተኛው ሰፈሩ አጠገብ፣ ስሙን በምታውቅ ነርስ እጅ፣ በየወሩ ይታያል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያገለግለዋል የሚባለው ሕዝብ 15 ሚሊዮን ያህል ነው። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ግቢ ማከም አይቻልም።

ለክብደትም ሌላ መንገድ አይታየኝም። በሴፕቴምበር 2025 የዓለም ጤና ድርጅት ሴማግሉታይድንና ዘመዶቹን፣ ስኳር ከውፍረትና ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመም ጋር ለተደራረበባቸው ሰዎች፣ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ዋጋቸው ከወረደ አንድ ቀን ወደ እኛም ይመጣሉ። ያን ቀን የሚቀበላቸው የክትትል መዝገብ ከሌለ ሁለት ወር አገልግለው ይቀራሉ።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ትንሽ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ወደ ስኳር እያዘነበሉ የነበሩ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ፣ አማካሪም እንዳይለያቸው አደረገ። ወደ ስኳር የመሄዱ ነገር በ58 በመቶ ቀነሰ። ከ10 ዓመት በኋላ ክብደታቸው አብዛኛው ተመልሶባቸው ነበር፤ የስኳሩ መከላከያ ግን ገና 34 በመቶ ያህል ይታይ ነበር። ይህ ቁጥር ያጽናናኛል። አራት ኪሎ የቀነሱት እናት ኪሎው ቢመለስባቸውም ልፋታቸው ሁሉ ባከነ ማለት አይደለምና።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ለክትትል ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ጤና ጣቢያው ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ይላል፤ በአጥሩ ዳር የቡና ዛፎቹ አረንጓዴ ፍሬ ይዘዋል። ነርሷ ጫማቸውን አስወልቃ ሚዛኑ ላይ አቆመቻቸው፣ ቁጥሩን በካርዳቸው ላይ ጻፈች፣ ወገባቸውንም በሜትር ለካች። ስለ ለቅሶው ነገሯት። ሳቀችና «በሚቀጥለው ልጅዎንና ያቺን ያለቀሰችልዎትን ጎረቤት ይዘው ይምጡ፤ ለሦስታችሁም እነግራለሁ» አለቻቸው። ከዚያ መዝገቡን ገለጠች።

«ጥቅምት አሥራ አምስት ይመችዎታል?»

«ጥቅምት ለቀማ ነው፣ ልጄ። አልመጣም።»

ነርሷ ጥቂት አሰበች፤ የጻፈችውን ሰርዛ መስከረም ሃያ ስምንት አለች። ከሥሩም ትንሽ ቦታ ትታ ከለቀማ በኋላ የሚመጡበትን የጥርን ቀን ጨመረችበት።